ፈተና የጣለው የሒሳብ ሊቅ



በ1913 መጀመሪያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ለነበረው ለጂ. ኤች. ሃርዲ ከሕንድ የተላከ ወፍራም ፖስታ ደረሰው። ሃርዲ በአገሩ ከታወቁት የሒሳብ ሊቃውንት ግንባር ቀደሙ ነበር። ላኪው ደግሞ በማድራስ ወደብ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ተራ ጸሐፊ መሆኑን፣ የዓመት ደመወዙ ከ20 ፓውንድ እንደማይበልጥና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት እንዳልተከታተለ በትሕትና ይገልጻል። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ከመቶ በላይ በሚሆኑ ቀመሮች የተሞሉ ናቸው። አብዛኞቹ ግን ማረጋገጫ የላቸውም፤ ውጤቱ ብቻ ተጽፏል።

ሃርዲ መጀመሪያ የአታላይ ሥራ መስሎት ነበር። ማታ ከባልደረባው ከሊትልውድ ጋር ተቀምጠው ሲመረምሩት ግን ሐሳቡ ተለወጠ። አንዳንዶቹን ያውቋቸዋል፤ አንዳንዶቹን በብዙ ድካም አረጋገጧቸው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ከዚያ በፊት አይተዋቸው የማያውቁ ነበሩ። ሃርዲ በኋላ እንደገለጸው እነዚህ ቀመሮች እውነት መሆን አለባቸው፤ እውነት ባይሆኑ ኖሮ ፈጥሮ የሚጽፋቸው ሰው አይገኝም ነበር።

ጸሐፊው ስሪኒቫሳ ራማኑጃን ይባላል። የዚህን ሰው ታሪክ ብዙዎች እንደ ተአምር ይተርኩታል። እኛ ግን ዛሬ የምናነሳው በሌላ ምክንያት ነው። አንድ ልጅ አላህ ከሰጠው ልዩ ችሎታ ጋር በቤታችን ወይም በክፍላችን ቢገኝ እናውቀው ይሆን? ወይስ ፈተና ወደቀ ብለን እናሰናብተዋለን?

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ሰውዬው የሂንዱ እምነት ተከታይ ነበር፤ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ይል ይሆናል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ይኖር የነበረው ታላቁ የሒሳብ ሊቅ አል-ኽዋሪዝሚ የሕንዶችን የቁጥር አጻጻፍ አጥንቶ መጽሐፍ ጽፎበታል። ዛሬ ልጆቻችን በደብተራቸው የሚጽፏቸው ቁጥሮች ከሕንድ ተነስተው በሙስሊሞች አገር በኩል አውሮፓ የደረሱ ናቸው። «አልጀብራ» የሚለው ቃል ራሱ የተወሰደው ከእሱ መጽሐፍ ርዕስ ውስጥ ካለው «አል-ጀብር» ነው። ዕውቀት ከየትም ይምጣ መርምሮ መቀበል የቀደምቶቻችን ልማድ ነበር።

የድንጋይ ሰሌዳና የተዋሱት መጽሐፍ

ራማኑጃን የተወለደው በደቡብ ሕንድ ኢሮድ በምትባል ከተማ፣ በእናቱ ወላጆች ቤት፣ ዲሴምበር 22 ቀን 1887 ነው። ያደገው ግን በኩምባኮናም ነው። አባቱ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ጸሐፊ ነበር፤ ገቢው ከእጅ ወደ አፍ ነበር። ልጁ ሁለት ዓመት ሲሆነው ፈንጣጣ ይዞት ለጥቂት ተረፈ፤ ከእሱ በኋላ ከተወለዱት ሕፃናት አንዳንዶቹ ግን ገና በጨቅላነታቸው ተቀጥፈዋል። እናቱ ኮማላታማል ቆራጥ ሴት ነበረች። ኑሮን ለመደጎም የኮሌጅ ተማሪዎችን ቤቷ ታከራይ ነበር። ልጁም ገና በአሥራ አንድ ዓመቱ እነዚህ ተከራዮች የሚያውቁትን ሒሳብ ሁሉ ጠይቆ ጨረሰባቸው። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ከፍተኛ የትሪጎኖሜትሪ መጽሐፍ ተውሶ ለብቻው ተወጣው።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው በ1903 ሕይወቱን የለወጠ መጽሐፍ እጁ ገባ። ጆርጅ ካር የተባለ እንግሊዛዊ አስጠኚ ለፈተና ለሚዘጋጁ ተማሪዎች ያሰናዳው ማጠቃለያ ነው። መጽሐፉ የላቀ ሥራ አልነበረም። በሺዎች የሚቆጠሩ የሒሳብ ውጤቶችን ተራ በተራ ይደረድራል እንጂ እንዴት እንደተገኙ እምብዛም አያስረዳም። ሌላ ተማሪ ቢሆን ይሰለቸው ነበር። ራማኑጃን ግን እያንዳንዱን ውጤት እንደ እንቆቅልሽ ቆጥሮ መንገዱን ራሱ ይፈልግ ጀመር። ከዚያም በመጽሐፉ ውስጥ የሌሉ አዳዲስ ውጤቶችን ማግኘት ቀጠለ።

ወረቀት ውድ ስለነበረ የሚያሰላው በድንጋይ ሰሌዳ ላይ ነበር። በመድረሳ በለውሕ የተማርን ሁሉ ይህን ሁኔታ እናውቀዋለን፤ የተጻፈው ካልታጠበ አዲስ አይጻፍም። እሱ ግን ለማጠቢያም ጊዜ አልነበረውምና በክርኑ እያበሰ ይቀጥል ነበር። ወደ ደብተር የሚያሻግረው የመጨረሻውን ውጤት ብቻ ነው። መንገዱ ከሰሌዳው ጋር ይጠፋል። የሒሳብ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ድረስ ደብተሮቹን እያዩ «እንዴት አገኘው?» የሚሉት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አምስቱ የከሰሩ ዓመታት

በ1904 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲያጠናቅቅ የሒሳብ ሽልማት ተሰጠው። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ለዚህ ልጅ ሙሉ ማርክ እንኳን እንደሚያንሰው በአደባባይ ተናገረ። በኩምባኮናም ወደሚገኘው የመንግሥት ኮሌጅም በነፃ የትምህርት ዕድል ገባ።

ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ኮሌጁ እንግሊዝኛም፣ ታሪክም፣ ሌላም ትምህርት ያስተምራል፤ የራማኑጃን ልብ ግን ከቁጥር አልወጣ አለ። እንግሊዝኛ ወደቀ፤ የነፃ ትምህርት ዕድሉን ተነጠቀ። ቤተሰቡ ከፍሎ ለማስተማር አቅም አልነበረውም። በ1905 ለማንም ሳይናገር ከቤት ጠፍቶ ሄደ። በ1906 በማድራስ ሌላ ኮሌጅ ገብቶ እንደገና ሞከረ። እዚያም ሒሳቡን በቀላሉ ሲወጣ ስለ ሰውነት ክፍሎች በሚሰጠው ትምህርትና በሌሎቹ ወደቀ። በ1907 ደግሞ ተፈተነ፤ ደግሞ ወደቀ።

እንግዲህ አስቡት። በዚያን ጊዜ በምድር ላይ ከነበሩት ታላላቅ የሒሳብ አእምሮዎች አንዱ የምስክር ወረቀት የሌለው፣ ሥራ የሌለው፣ ወላጆቹን ያሳፈረ ጎረምሳ ሆኖ በየቤቱ ደጃፍ ተቀምጧል። በ1909 ገና ልጅ ከነበረችው ከጃናኪ ጋር ተዳረ። የቤተሰብ ኃላፊነት ሲመጣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ሥራ ፍለጋ ወጣ።

ሃርዲ ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለ ወዳጁ ሲጽፍ የራማኑጃን መከራ በወጣትነቱ መሞቱ ሳይሆን በእነዚያ ዓመታት ችሎታው መሪ አጥቶ መባከኑ ነው የሚል ፍርድ ሰጥቷል። ዓለም የሚያውቀውን ነገር እንደገና ለማግኘት ብቻውን ሲደክም የአእምሮው ትኩስ ጊዜ አለፈ። ይህ ፍርድ ለእኛ ለመምህራን ከባድ ነው።

ደብተሩን የገለጡ ሰዎች

ዕድሉ የተከፈተው ደብተሩን ከፍተው ለማየት ፈቃደኛ በሆኑ ጥቂት ሰዎች ነው። የመጀመሪያው የሕንድ የሒሳብ ማኅበር መሥራች ራማስዋሚ አየር ነበር። ራማኑጃን በ1910 በመሥሪያ ቤቱ ትንሽ የጸሐፊነት ሥራ እንዲሰጠው ሲለምነው ሰውዬው ደብተሩን ተመለከተና እንዲህ ያለውን ችሎታ በጸሐፊነት ማፈን አልፈልግም ብሎ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎለት ወደ ወዳጆቹ ላከው። ሁለተኛው የመንግሥት ሹም የነበረው ራማቻንድራ ራኦ ነው። መጀመሪያ ተጠራጠረ፤ ካነጋገረው በኋላ ግን ከኪሱ በየወሩ 25 ሩፒ ይሰጠው ጀመር። ሦስተኛው ናራያና አየር ነው፤ ራማኑጃን በ1912 በወደብ መሥሪያ ቤት በወር 30 ሩፒ ሲቀጠር አለቃው ነበር። ሒሳብ ያውቅ ስለነበር ማታ ማታ ከራማኑጃን ጋር ተቀምጦ ይሠራ ነበር።

በ1911 በማኅበሩ መጽሔት ላይ ያቀረበው አንድ ጥያቄ አስተሳሰቡን ያሳየናል። ስኩዌር ሩት የሚያውቅ ተማሪ ሊከታተለው ይችላል። 3 የ9 ስኩዌር ሩት ነው። 9 ደግሞ 1 ሲደመር 2 ጊዜ 4 ነው። 4ን የ16 ስኩዌር ሩት ብለን እንጻፈው፤ 16 ማለት 1 ሲደመር 3 ጊዜ 5 ነው። 5ም የ25 ስኩዌር ሩት ነው፤ 25 ማለት 1 ሲደመር 4 ጊዜ 6። እንዲህ እያልን ብንቀጥል አንዱ ሩት በሌላው ውስጥ እየገባ ማለቂያ የሌለው ሰንሰለት ይሆናል። ራማኑጃን የጠየቀው የዚህ ሰንሰለት ዋጋ ስንት ነው ብሎ ነው። ወራት አለፉ፤ ከአንባቢ መልስ አልመጣም። መልሱን ራሱ ሰጠ፦ 3።

ወደ እንግሊዝ መጻፍን ያበረታቱትም እነዚሁ ወዳጆች ናቸው። ከሃርዲ በፊት ለሁለት የካምብሪጅ ሊቃውንት ጽፎ ነበር፤ ወረቀቶቹ ተመለሱለት። ሦስተኛው ፖስታውን ከፈተ፤ ከፍቶም አነበበ።

ዕውቀት ማረጋገጫ ይሻል

በወገኑ ሥርዓት ባሕር መሻገር ነውር ነበረና ራማኑጃን መጀመሪያ ግብዣውን አልተቀበለም። በመጨረሻ እናቱ ፈቀደች። ማርች 17 ቀን 1914 ከማድራስ በመርከብ ተነስቶ በአፕሪል ለንደን ደረሰ።

ብዙ ሰው ያልተማረ ሊቅ ሲባል መማር አያስፈልገውም ማለት ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ከላካቸው ቀመሮች መካከል ስሕተት የሆኑም ነበሩ። በተለይ ከራሳቸውና ከ1 በስተቀር ለሌላ ስለማይካፈሉት ቁጥሮች፣ ማለትም ስለ ፕራይም ቁጥሮች ብዛት የጻፈው ትክክል አልነበረም። የልቡ ግምት እጅግ የጠለቀ ቢሆንም ማረጋገጫ ምን እንደሆነ በሚገባ ያስተማረው ሰው አልነበረም። ሃርዲ ይህን ማስተማር ነበረበት፤ ነገር ግን ሲያስተምረው ልዩ የሆነውን መንፈሱን እንዳይሰብረው ይፈራ ነበር። ሃርዲ በኋላ ከእሱ የተማርኩት እሱ ከእኔ ከተማረው ይበልጣል ብሏል። እንዲህ ያለ መምህር ብዙ አይገኝም።

ከሁለቱ የጋራ ሥራዎች አንዱን በብርቱካን እናስረዳ። አራት ብርቱካን አለን እንበል። በስንት ዓይነት መንገድ ከፋፍለን እንቆልላቸዋለን? አራቱን አንድ ላይ፤ ሦስትና አንድ፤ ሁለትና ሁለት፤ ሁለት፣ አንድና አንድ፤ ወይም አንድ አንድ። በጠቅላላው 5 መንገድ ነው። ብርቱካኖቹ 10 ቢሆኑ መንገዱ 42 ይሆናል። 100 ቢሆኑስ? 190,569,292! ጥያቄው ለሕፃን የሚገባ ነው፤ መልሱ ግን የታላላቆችን ጭንቅላት ያዞራል። ሃርዲና ራማኑጃን በ1918 ባወጡት ጽሑፍ ሳይቆጥሩ እጅግ ቅርብ የሆነውን መልስ የሚሰጥ ቀመር አገኙ።

ራማኑጃን በዚህ ላይ ሌላ ድንቅ ነገር አስተዋለ። ብርቱካኖቹ 4 ሲሆኑ መንገዱ 5 ነው፤ 9 ሲሆኑ 30፤ 14 ሲሆኑ 135፤ 19 ሲሆኑ 490። ከ4 ተነስተን በአምስት በአምስት ብንሄድ መልሱ ምንጊዜም ለ5 ይካፈላል። ዝርዝሩ በብዙ ሰዎች ፊት ተዘርግቶ ነበር፤ ይህን ያየው ግን እሱ ነው፤ አይቶም በማረጋገጫ አጸናው።

ብርድ፣ ረሃብና ሕመም

በካምብሪጅ ኑሮው ግን ቀላል አልነበረም። ሥጋም ሆነ ዓሣ አይቀምስም፤ በኮሌጁ የጋራ ማዕድ ላይ አይቀርብም፤ ምግቡን በክፍሉ ውስጥ ራሱ ያበስላል። ባዕድ አገር ሄዶ ሐላል ምግብ ፍለጋ የተንከራተተ ሁሉ ይህን ችግር አይስተውም። እንግሊዝ በገባ በጥቂት ወራት አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የለመደው አትክልትና ቅመም ጠፋ። በሥራ ሲጠመድ ደግሞ ምግብም እንቅልፍም ይረሳል።

በኋላ በስታቲስቲክስ ስመ ጥር የሆነው የአገሩ ልጅ ማሃላኖቢስ አንድ ቀን ሊጠይቀው ሄዶ ሌሊቱን ብርድ እንዳሰቃየው፣ ካፖርቱን ለብሶ እንደሚተኛ ሰማ። አልጋውን ሲያይ ብርድ ልብሶቹ በሥርዓት ተነጥፈዋል። ራማኑጃን ከላያቸው ይተኛ ነበር እንጂ ገልጦ ከውስጥ እንደሚገባ የነገረው ሰው አልነበረም። የቁጥርን ምሥጢር የገለጠ ሰው ብርድ ልብስ የሚገልጥለት ወገን አጥቶ ነበር።

በ1917 በጠና ታመመና ከአንዱ ሕክምና ቤት ወደ ሌላው ይዘዋወር ጀመር። ሃርዲ ሊጠይቀው በሄደበት አንድ ቀን የመጣበት ታክሲ ቁጥር 1729 እንደሆነ፣ ቁጥሩም ደረቅ እንደመሰለው ነገረው። ታማሚው ከአልጋው ሳይነሳ እንዳይደለ መለሰ። በሁለት ልዩ ልዩ መንገድ የሁለት ኩቦች ድምር ሆኖ ሊጻፍ ከሚችሉት ቁጥሮች ትንሹ እሱ ነው አለ። ልጆች ራሳቸው ይመርምሩት፦ 10 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 1000፣ 9 ደግሞ 729፤ ድምሩ 1729። እንደገና 12 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 1728፤ 1 ሲደመርበት 1729።

በ1918 የእንግሊዝ የሳይንስ ሊቃውንት ታላቅ ማኅበር የሆነው ሮያል ሶሳይቲ አባል አድርጎ መረጠው፤ በዚያው ዓመት የትሪኒቲ ኮሌጅ ባልደረባ ሆነ። በኮሌጁ ይህን ማዕረግ ያገኘ የመጀመሪያው ሕንዳዊ እሱ ነው። በ1919 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሕመሙ ግን አልለቀቀውም። አፕሪል 26 ቀን 1920 በሠላሳ ሁለት ዓመቱ አረፈ። ሐኪሞቹ የሳንባ ነቀርሳ ነው ብለው ነበር። በ1994 መዛግብቱን የመረመረ አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ግን በሽታው በአሜባ የመጣ የጉበት ሕመም ሳይሆን አይቀርም፣ በጊዜው ቢታወቅ ኖሮ ሊታከም ይችል ነበር ሲል ጽፏል።

ከእሱ በኋላ የቀረው

ከመሞቱ ሦስት ወር ገደማ በፊት አዲስ ያገኛቸውን ቀመሮች ለሃርዲ ጽፎ ልኮ ነበር። የመጨረሻዎቹ ወራት ወረቀቶች በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሻግረው ከሊቅ ወደ ሊቅ ሲተላለፉ ተረሱ። በ1976 ጆርጅ አንድሩስ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በትሪኒቲ ቤተ መጻሕፍት ሣጥን ውስጥ አገኛቸው፤ ከመቶ በላይ ገጾች፣ ከ600 የሚበልጡ ቀመሮች። ሊቃውንቱ እነዚህን ሲፈትሹ አሥርተ ዓመታት ወሰደባቸው። ከእነሱ መካከል ያሉትን ምሥጢራዊ ቀመሮች ምንነት በ2002 አንድ ሆላንዳዊ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ ገለጠ፤ ዛሬ በሰማይ ስላሉት ጥቁር ጉድጓዶች የሚያጠኑ የፊዚክስ ሰዎችም ይጠቀሙባቸዋል። በ1914 ያወጣው የፓይ ቀመር በ1985 በኮምፒውተር ከ17 ሚሊዮን የሚበልጡ የፓይ አሃዞች የተሰሉበት ነው። ሕንድም ከ2012 ጀምሮ የልደቱን ቀን የሒሳብ ቀን ብላ ታከብራለች።

ባለቤቱ ጃናኪ ገና በወጣትነቷ መበለት ሆና በልብስ ስፌትና በትንሽ ጡረታ ኖረች፤ ልጅም አሳደገች። ያረፈችው በ1994 ነው። ሊቃውንት ሲወደሱ በጓዳ የቀሩትን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለወጣቶች

ከዚህ ታሪክ የተሳሳተ ትምህርት እንዳንወስድ እንጠንቀቅ። በክፍሌ ሰነፍ ተማሪ «አንስታይንም ወድቆ ነበር» ሲል እሰማለሁ። ራማኑጃን የወደቀው ስለ ተኛ አይደለም፤ ሌሊቱን በሰሌዳ ላይ አሳልፎ ነው። እንግሊዝኛውን ጥቂት ቢታገሥለት ኖሮ እነዚያ ዓመታት ባልከሰሩ ነበር። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ የምትወዱትን ትምህርት ከልብ ያዙ፤ የማትወዱትንም ለምትወዱት ስትሉ ቻሉት። ያገኛችሁትን ሁሉ ደግሞ «ማረጋገጫው የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መድረሳ ውስጥ ኡስታዞቻችን ያለ ደሊል አትናገሩ የሚሉን ለዚሁ አይደለምን?

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ አንድ ነገር ላይ ሲመሰጥ፣ ዕቃ ሲፈታና ሲገጥም፣ ቁጥር ሲደረድር፣ ወይም የሰማውን ሁሉ ሲሐፍዝ አትቆጡት። ምን እንደሚሠራ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። ባይገባችሁ እንኳ ወደሚገባው ሰው ውሰዱት። የራማኑጃን እናት ሒሳብ አታውቅም ነበር፤ የሚያውቁ ተማሪዎች ግን ቤቷ ነበሩ።

መምህራን ሆይ፣ ፈተና ማረም ግዴታችን ነው፤ ከማርኩ ጀርባ ያለውን ልጅ ማየት ግን አማናችን ነው። ለራማኑጃን ደብተር ከፍተው ያዩ ሰዎች ሁሉ ሊቆች አልነበሩም። አንዱ የመንግሥት ሹም፣ አንዱ የመሥሪያ ቤት ሒሳብ ሹም ነበር። ያደረጉት ትንሽ ነገር ነው፤ ጊዜ ሰጡት፣ ጥቂት ሩፒ ሰጡት፣ ደብዳቤ ጻፉለት። ይህን ለማድረግ የማናችንም አቅም አያንስም። ነገ ጠዋት ክፍል ስንገባ ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን፣ በሁለት ትምህርት የወደቀውን፣ ነገር ግን በደብተሩ ጀርባ ላይ ያልተጠየቀውን የሚጽፈውን ልጅ ፈልገን ደብተሩን እንይለት።

ወቢላሂ ተውፊቅ።